ባለ ሦስት ፎቁ አውቶብስና አንድ «ሲ»

ባለፈው ክረምት ለንደን የምትኖረው ታናሽ እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ አጎቷ ሥነ ጽሑፍ ያስተምር እንደነበር እየሰማች ነው ያደገችው። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን መጣችና «ጋሼ፣ የሃሪ ፖተርን ስቱዲዮ ሳታይማ አትመለስም» አለችኝ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ እኮ። የጠንቋይ ልጆች ተረት ምን ያደርግልኛል?» አልኳት።

እናቷ ከወጥ ቤት ሆና ሳቀች። «ትኬቱ እኮ ከተገዛ ወር አልፎታል» አለች። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። የተገዛ ትኬት ደግሞ፣ ያውም በፓውንድ የተገዛ ትኬት፣ እንዴት ይከሰራል?

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ቀና ዓይን ኖሮኝ አያውቅም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ልቦለድ ሳስተምር የምሰግድለት አንድ ጣዖት ነበረኝ፤ ስሙ «እውነታዊነት» ይባላል። በእሱ ፊት ያልቆመ ድርሰት ለእኔ ድርሰት አልነበረም። የሚበር መኪና፣ የሚጠፋ ባቡር፣ ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፍ ልጅ… እነዚህ የልጆች ማስተኛ ናቸው ብዬ አምን ነበር። አምን ነበር ያልኩት አለምክንያት አይደለም። ወደዚያው እየሄድኩ ነውና ታገሡኝ።

ስቱዲዮው ያለው ከለንደን ወጣ ብሎ ዋትፎርድ አጠገብ፣ ሌቭስደን በሚባል ቦታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላኖች ይሠሩበት የነበረ ፋብሪካ ነው። እውነተኛ ብረት ወደ እውነተኛ ሰማይ ሲወጣበት የኖረ አዳራሽ፣ ኋላ መኪና በውሸት የሚበርበት ሆነ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ትንሽ ደስ አለኝ። ለነገሩ ግን ገና ቁም ነገር አልሰጠሁትም ነበር።

ከአዳራሾቹ በአንዱ ውስጥ ባቡሩ ቆሟል። ቀይ፣ ግዙፍ፣ ጢሱን እየተፋ። ጢሱ የውሸት ነው፤ ባቡሩ ግን የውሸት አይደለም። ጠጋ ብዬ ብረቱን በመዳፌ ነካሁት። የለገሃር ባቡር ያየ ሰው ብረት ከካርቶን ይለያል።

«ይሄ እውነተኛ ባቡር ነው እንዴ?»

«ነዋ!» አለችኝ የእህቴ ልጅ፣ አላዋቂነቴ ገርሟት።

ታሪኩን እዚያው አነበብኩ፤ ቤት ስመለስም ማታ ተቀምጬ አጣራሁ። የሎኮሞቲቩ ትክክለኛ ስም «ኦልተን ሆል» ነው፤ ቁጥሩ 5972። እ.ኤ.አ. በ1937 በእንግሊዝ አገር ስዊንደን በሚባል ከተማ ተሠራ። የባለቤቱ የ«ግሬት ዌስተርን» ኩባንያ ቀለም አረንጓዴ ነበር። በ1963 ማብቂያ ላይ፣ የከሰል ዘመን አልፎ የናፍጣ ዘመን ሲመጣ፣ «በቃህ» ተባለና ከሥራ ወጣ። በማግስቱ ዓመት ዌልስ ውስጥ ባሪ ወደምትባል ወደብ ተጎተተ። እዚያ አሮጌ ባቡሮችን እየቆራረጠ በኪሎ የሚሸጥ የብረት ነጋዴ ነበር። ነጋዴው ግን የጭነት ፉርጎዎቹን መቁረጥ አስቀደመ፤ ሎኮሞቲቮቹ ተራቸውን እየጠበቁ በባሕር ጨው ሲዝጉ ከረሙ። ኦልተን ሆል እዚያ 17 ዓመት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባቡር ወዳዶች ገዝተው አወጡት፤ ጠግነው ዳግም በሐዲድ ላይ እስኪሄድ ደግሞ ሌላ 17 ዓመት ፈጀባቸው። ከዚያ ግቢ እንዲህ የተረፉት ሎኮሞቲቮች ከ200 በላይ ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ የፊልም ሰዎች ቀይ ቀለም ቀብተው «ሆግዋርትስ ኤክስፕረስ» አሉት፤ የዓለም ልጅ ሁሉ አወቀው።

እንግዲህ አስቡት። የመጀመሪያው የፊልም ባለሙያ አእምሮ ውስጥ ያለው ባቡር ሮኬት የሚመስል፣ ክንፍ ያለው፣ በብርሃን የሚሄድ ሊሆን ይችል ነበር፤ ጥንቆላ ነዋ! ደራሲዋ ግን ያንን አልፈለገችም። ጠንቋዮቹን ወደ ትምህርት ቤታቸው የምትልካቸው አያቶቻቸው በተሳፈሩበት በእንፋሎት ባቡር ነው። ፊልሙ ላይ ባቡሩ የሚሻገረው ድልድይም ስኮትላንድ ውስጥ ግሌንፊናን ላይ የቆመ፣ እ.ኤ.አ. በ1901 የተከፈተ፣ 21 ቅስት ያለው የኮንክሪት ድልድይ ነው። ምንም አስማት የለበትም። የተሠራው ዓሣና ሰው ለማመላለስ ነበር። ዛሬ ግን የስንት አገር ሕዝብ ተራራ ወጥቶ ፎቶ ያነሳዋል።

የደራሲዋን የጄ. ኬ. ሮውሊንግን ነገር ሳነብ ደግሞ ባቡሩ ከየት እንደመጣ ገባኝ። እናትና አባቷ የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1964 ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በተነሳ ባቡር ውስጥ ነው። የሃሪ ፖተር ሐሳብ ራሱ የመጣላት በ1990 ከማንቸስተር ወደ ለንደን ስትመለስ፣ ባቡሩ ዘግይቶባት ተቀምጣ ሳለ ነው። የሚሠራ እስክሪብቶ አልያዘችም፤ ከሰው መለመንም አፈረች። ስለዚህ ዝም ብላ አሰበች። እስክሪብቶ ቢኖራት ኖሮ ምናልባት ያን ያህል ባላሰበች ነበር።

ደግሞ ተሳስታለች። ልጆቹ ግድግዳ ጥሰው የሚገቡበት «ዘጠኝ ከሦስት አራተኛ» የተባለ መሣፈሪያ በዘጠነኛውና በዐሥረኛው መካከል ነው ብላ ጻፈች። በኋላ ራሷ እንዳመነችው ኪንግስ ክሮስን ኢዩስተን ከሚባለው ሌላ ጣቢያ ጋር አምታታችው። በኪንግስ ክሮስ ዘጠኝና ዐሥር ከዋናው ጣቢያ ተነጥለው በሌላ ሕንፃ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ፊልሙ አራተኛውና አምስተኛው ላይ ተቀረጸ። ዛሬ ጣቢያው ራሱ ለስሕተቷ ሰግዷል፤ ግማሽ የዕቃ ጋሪ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ሕዝቡ ተሰልፎ ይነሳበታል። እኔ ብሆን ተማሪዬ እንዲህ ሲሳሳት «ቦታውን ሳታውቅ አትጻፍ» ብዬ በቀይ አሰምርበት ነበር።

ከአዳራሹ ወጥተን ወደ ጓሮው ስንሻገር ሰማያዊዋን መኪና አገኘናት። ፎርድ አንግሊያ ትባላለች። በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ልጆቹን ጭና ከደመና በላይ የምትበረው እሷ ናት። ሞዴሏ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1967 የተሠራ፣ ሞተሩ አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላ፣ የኋላ መስታወቷ ወደ ውስጥ የተገለበጠ፣ ኪሱ ሳሳ ያለ እንግሊዛዊ ለቤተሰቡ የሚገዛት መኪና ነበረች። የእኛን ሰይቼንቶ ያስታወሰ አልተሳሳተም። ያቺ ታክሲ ከኋላ አራት ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ተሳፋሪው በልቡ አብሮ ይገፋ ነበር!

ለምን ፎርድ አንግሊያ? ለምን ሮልስ ሮይስ አልሆነችም? ነገሩ እንዲህ ነው። ሮውሊንግ ልጅ ሳለች ሾን ሃሪስ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበራት። ይህ ልጅ አንዲት ቱርኩዋዝ ቀለም ፎርድ አንግሊያ ነበረችው። ከገጠር መንደራቸው የሚወጡት በእሷ ነው። ለሁለቱ ጎረምሶች መኪናዋ ነፃነት ነበረች። ሁለተኛውን መጽሐፍ መታሰቢያ ያደረገችው ለእሱ ነው። እንግዲህ መኪናዋ በመጽሐፉ ውስጥ ከመብረሯ በፊት በሕይወት ውስጥ በርራ ነበር ማለት ነው። በገጠር ለሰለቸ የ17 ዓመት ልጅ ወደ ከተማ የምትወስድ አሮጌ መኪና ከዚህ በላይ ምን ትብረር?

ከዚያ አውቶብሱን አየሁት።

ሐምራዊ ነው። ሦስት ፎቅ ነው። ቁመቱ ስድስት ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ከጎኑ ስትቆሙ ሊወድቅባችሁ ይመስላል። የተሠራው ከአሮጌ የለንደን ከተማ አውቶብሶች ነው። አር ቲ የሚባሉት እነዚህ ቀያይ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብሶች ከጦርነቱ በኋላ የለንደንን ሕዝብ ሲያመላልሱ ኖረው የመጨረሻዎቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ጡረታ ወጥተዋል። የፊልም ሠሪዎቹ ቆራርጠው የአንዱን ፎቅ በሌላው ላይ ጫኑና ሦስት አደረጉት። ፊልሙ ላይ እንደ ጥይት ሲከንፍ የሚታየውም በአብዛኛው በቀላል ብልሃት ነው፤ በዙሪያው ያሉት መኪኖች በኤሊ እርምጃ እንዲነዱ ይደረግና ሥዕሉ ይፈጥናል።

«ይሄ ምን ያደርጋል?» ብዬ የእህቴን ልጅ ጠየቅኳት።

«ሌሊት መሄጃ ያጣ ሰው እጁን ሲዘረጋ ይመጣለታል» አለች። «ሃሪ ከቤት ተጣልቶ ወጥቶ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ መንገድ ዳር ብቻውን ቁጭ ብሎ… ከዚያ ይመጣል። ወንበር የለውም፣ አልጋ ነው ያለው። ትኬት ቆራጭም አለው።»

ስሙን ደግሞ አስረዳችኝ። «ናይት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲሰማ ሌሊትም ነው፣ ባለ ጥሩር ፈረሰኛም ነው፤ የሚለየው አጻጻፉ ነው። ለንደን ውስጥ እውነተኛ የሌሊት አውቶብሶች አሉ፤ ቁጥራቸው ፊት «ኤን» የሚል ፊደል አለ። ሠራተኛው፣ አስተናጋጁ፣ ከጭፈራ ቤት የወጣው፣ ማደሪያ የሌለውም ጭምር ይሳፈርባቸዋል። ደራሲዋ ከነዚያ ላይ አንድ ፊደል ጨምራ የጭንቅ ቀን ፈረሰኛ አደረገችው።

ልጅቷ ማውራቷን ቀጠለች። እኔ ግን አልሰማትም ነበር። በክረምቱ ሙቀት ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ሲወርድ ተሰማኝ። ይህን አውቶብስ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። ቀለሙ ሐምራዊ አልነበረም፤ ቀይና ቢጫ ነበር። የተሳፈረውም በሰባት ገጽ ደብተር ወረቀት ላይ ነው። ያስወረድኩትም እኔ ነኝ።

ዘመኑ 1994 ዓ.ም. ነው። የሠላሳ ምናምን ዓመት መምህር ነበርኩ። ዕውቀቴ ጥቂት፣ ቀይ እስክሪብቶዬ ግን ብዙ ነበር። የአጭር ልቦለድ አጻጻፍ ለሚወስዱ ተማሪዎች «አንድ ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ» አልኳቸው። አብዛኞቹ እንደ ልማዱ የከዳች ፍቅረኛና የሞተች እናት ይዘው መጡ። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ግን «የሌሊቱ አንበሳ» የሚል ታሪክ አቀረበ።

ታሪኩ ይህ ነው። አንድ አንበሳ አውቶብስ አለ፤ ቁጥር የለውም። ቀን አይታይም። የመጨረሻው አውቶብስ ያመለጠው ሰው፣ የታክሲ ገንዘብ የሌለው ሰው፣ ከተማው ተኝቶ እሱ ብቻ የሚሄድ ሰው ሲደክመውና ቆም ሲል፣ ከጨለማው ውስጥ ሁለት መብራት ይመጣል። በኋላ በር ይገባል። እንደምታውቁት የአንበሳ ትኬት ቆራጭ ከኋላ በር አጠገብ ባለች ጠባብ ቦታው ተቀምጦ ሳንቲም ይቀበላል። ይኼኛው ግን ሳንቲም አይቀበልም። «ሂሳብ! ማን ይጠብቅሃል?» ይላል። ተሳፋሪው ቤት የሚጠብቀውን ሰው ስም ይናገራል፤ ትኬቱ ይቆረጣል። የሚጠብቀው የሌለው አንድ ሽማግሌ አለ፤ እሱ ዝም ሲል ትኬት ቆራጩ ራሱ «በል እኔ እጠብቅሃለሁ» ብሎ ይቆርጥለታል።

ይህን አነበብኩ። ዛሬ ስጽፈው ጉሮሮዬን የሚይዘኝን ታሪክ ያን ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ፈረድኩበት፦ «ሥነ ጽሑፍ የሕይወት ነጸብራቅ ነው። አንበሳ አውቶብስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አይሠራም። ከእውነታ የራቀ።» ከሥሩም «ሲ»። ይባስ ብሎ ክፍል ውስጥ ስሙን ሳልጠራ ዓረፍተ ነገሬን ደገምኳት። ተማሪው ሳቀ። የሳቀው ለእኔ ቀልድ ነበር፤ ማን ላይ እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ልጁ ከሮውሊንግ ገልብጦ ይሆን? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሐምራዊው አውቶብስ ያለበት ሦስተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። የእኛ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ግን አልነበረም፤ ፊልሙ የወጣውም ገና በ2004 ነው። ደግሞም ያን ጊዜ እኔም ስለማላውቀው የፈረድኩት በመገልበጥ አልነበረም። የፈረድኩት አንበሳ አውቶብስ ነው በማለት ነው። ልብ በሉ፤ ልጁ ስለሚበር ፈረስ ወይም ስለ ንግሥተ ሳባ ምንጣፍ ቢጽፍ ኖሮ «ተረታዊ ይዘት አለው» ብዬ «ቢ» እሰጠው ነበር። ያስቆጣኝ ተአምሩ አይደለም፤ ተአምሩ በቁጥር 31 ዓይነት አውቶብስ መምጣቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ተጋፍቼ የምሳፈርበት፣ ኪሴ የተዳበሰበት፣ ጫማዬ የተረገጠበት ነገር እንዴት የምናብ ቤት ይሆናል?

እንግዲህ በሽታዬ ይህ ነበር። እኔ ብቻም አይመስለኝም። የሌላው ሰው አሮጌ ባቡር «ክላሲክ» ነው፤ የእኛው አሮጌ ባቡር ቁራጭ ብረት ነው። የሌላው ጭጋግ ምሥጢር ነው፤ የእኛው ጭጋግ ጉንፋን ነው።

ሕዝባችን ግን እንደ እኔ አልነበረም። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ሲያስመጣ፣ ያገሬው ሰው «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ዘፈን አወጣለት፣ ወግ ጨመረበት። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የፈረንሳዮቹን «ላ ጋር» ለገሃር ብለን የሰፈር ስም አደረግነው። ፊት ለፊት የሚያስቀምጠውን የጭነት ፔዦ ታክሲ «ውይይት» ያለው ደራሲ ማነው? ስሙ ብቻውን አንድ ልቦለድ ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው የሚወያዩበት የሚንቀሳቀስ ሸንጎ። ሚኒባሱን «ዶልፊን» ብሎ ባሕር በሌላት ከተማ ያስዋኘው ማነው? አይሱዙን በአደጋው ብዛት «አልቃይዳ» ያለውስ? አውቶብሳችን ደግሞ ስሙ ራሱ አንበሳ ነው። እንግሊዞቹ አውቶብሳቸውን አውሬ ለማድረግ ስንት ቀለም ቀቡ፤ የእኛው ግን አውሬ ሆኖ ተወለደ፤ ጎኑ ላይ አንበሳ ተስሎበት። ያ ተማሪ ያደረገው ነገር አንድ ብቻ ነው። ስሙን አመነ።

ከለንደን እንደተመለስኩ አፈላለግኩት። የድሮ ተማሪዎቼን አንድ በአንድ እየደወልኩ ጠየቅኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ስልኩን አገኘሁ። ባንክ ቤት ይሠራል፣ ሁለት ልጆች አሉት። «መምህር? እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ድምፁ አሁን ይሰማል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቦሌ አካባቢ አንዲት ካፌ ተገናኘን። ጸጉሩ ከእኔ እኩል ሊሸብት ምንም አልቀረው።

ነገሬን እንዴት እንደምጀምር ስዞር፣ እሱ ቀደመኝ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት አይሠራም» አለና ሳቀ። ቃል በቃል ያስታውሳታል። ከሃያ ዓመት በላይ!

«ታሪኩን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። ያን ጊዜ ልጠይቀው የሚገባኝ ጥያቄ ይህ ነበር። ያን ጊዜ ግን እኔ መልስ እንጂ ጥያቄ አልነበረኝም።

«ከየትም አላመጣሁትም» አለ። «በዚያ ሰሞን እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ማታ ማታ ክፍል ስጨርስ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ራት አብልቼ፣ እስክትተኛ ጠብቄ ስወጣ አውቶብስ አልቋል። ለታክሲ የሚሆን የለኝም። እስከ ኮተቤ በእግሬ ነው። አንድ ሌሊት መገናኛ አካባቢ ስደርስ ዝናብ መጣ። አንድ በር ጥግ ተጠልዬ ‹አሁን አንድ አንበሳ ቢመጣ› ብዬ አሰብኩ። በቃ። እሱ ነው።»

መምህር የነበርኩት ሰውዬ ያን ጊዜ ካፌው ወንበር ላይ ትንሽ ሆንኩ። «ከእውነታ የራቀ» ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት በዚያ ሴሚስተር ከደረሱኝ ሁሉ ለእውነት የቀረበው ነበር። የፍቅረኛዋ ክህደት ከመጽሐፍ የተቀዳ ነበር፤ አውቶብሱ ግን ከዝናብ የተቀዳ ነው። አንዲት እንግሊዛዊትና አንድ የኮተቤ ልጅ ሳይተዋወቁ አንድ አውቶብስ የሠሩት አንዱ ሌላውን ስላነበበ አይደለም። ሌሊት መንገድ ዳር መቆም ለንደንም አዲስ አበባም ያው ስለሆነ ነው። ምናብ የሚነሳው ካለን ነገር ላይ ቆሞ ነው፤ የሚዘረጋው ግን ወደ ጎደለን ነገር ነው። በሁለቱ መካከል የሚያመላልስ ተሽከርካሪ ያስፈልጋል። ያ ተሽከርካሪ ደግሞ የሚያምነን በልጅነታችን የተሳፈርንበት ሲሆን ብቻ ነው።

«እናትህስ?» አልኩት እየፈራሁ።

«ዳነች እኮ! አለች፤ ሰማንያን ይዛለች። ታሪኩን መጀመሪያ ያነበብኩት ለእሷ ነበር፣ አልጋዋ አጠገብ። እስከ ዛሬ ቤት ካመሸሁ ‹ምነው፣ አንበሳህ ዘገየ?› ትለኛለች።»

ይህችን ስሰማ ትንሽ ተነፈስኩ። እኔ «ሲ» የሰጠሁትን እናቱ አንደበቷ ላይ አኑራዋለች። ወረቀቱ ግን የለም። በዚያው ቀን ቀድዶ ጣለው። ከዚያ ወዲህም ምንም አልጻፈም።

«አሁንስ ብትጽፈው?»

ሻዩን አማሰለ። «መምህር፣ አሁን መኪና አለኝ። አውቶብስ አልጠብቅም።»

አልተቆጣም፤ የተቆጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ አልኩት። «ኧረ መምህር፣ ይህን ያህልማ…» አለ፤ እንዳገራችን ሰው፣ የተበደለው በዳዩን አጽናና።

ይህን የምጽፈው አንጀቴን ለማራስ ብቻ አይደለም። ተሽከርካሪዎቻችን እየተለወጡ ነው። የለገሃሩ ባቡር ካፏጨ ስንት ዘመኑ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ከከተማዋ ዳር፣ ለቡ በኩል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ውይይት የተሳፈረ ትውልድ እያረጀ ነው፤ የሰይቼንቶን በር አጥብቆ የዘጋ እጅ እየተንቀጠቀጠ ነው። መለወጡ ደግ ነው፤ ናፍቆት ጢስ አያጸዳም። ግን እንግሊዞቹ ያንን ባቡር ከዝገት ሲያወጡት ፊልም ይሠራበታል ብለው አልነበረም። ዝም ብለው ወደዱት። እኛ ደግሞ ብረቱን ማኖር ባንችል ታሪኩን ማኖር አያቅተንም፤ በተለይ ታሪኩን ይዞ የመጣውን ልጅ በር ላይ ካልመለስነው።

ዛሬም ክፍል ውስጥ ለቆማችሁ መምህራን አንዲት ነገር ልበል። ልጅ የሚበር ባጃጅ ጽፎ ቢያመጣ፣ ባጃጅ እንደማይበር እሱም ያውቃል። እናንተ ጠይቁት፤ «ወዴት ሊሄድብህ ነው?» በሉት። የእኔን «ሲ» በበኩሌ በዚህ ዓምድ ሰርዤዋለሁ፤ ሬጅስትራር ይቀበለኝ አይቀበለኝ የሱ ጉዳይ ነው።

ከካፌው ስንወጣ መሽቶ ነበር። ያካፋል። የታክሲው ሰልፍ እስከ ሕንፃው ጥግ ተጠማዝዟል። ልሰናበተው እጄን ስዘረጋ የመኪናውን በር ከፈተልኝ፤ አሮጌ ነጭ ቪትዝ። «ይግቡ እንጂ መምህር፣ ላድርስዎ» አለኝ። ገባሁ። መጥረጊያው መስታወቱን እየፋቀ ጥቂት እንደተጓዝን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ በትኬት ቆራጭ ድምፅ ጮክ አለ።

«ሂሳብ! ማን ይጠብቅዎታል?»

የባለቤቴን ስም ነገርኩት።